ፀሐይ ላይ የቆመችው ታንኳ

በማዳሜ በረንዳ ላይ፣ ከጽጌረዳዎቹ ጎን፣ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ የተተከለ አንድ ተክል አለ። ቀጥ ያለ ረጅም አረንጓዴ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ ገና ከእንቅልፉ እንደተነሳ ልጅ ጸጉሩ ተንጨብርሯል። ቤይሩት ዳሒዬ ሰፈር የነበረው የቀድሞ የሥራ ቤቴ በሊባኖሱ ጦርነት ተበትኖ ጃል ኤል ዲብ ወዳለው ወደዚህ ቤት የገባሁ ዕለት፣ ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው ያወቅሁት፤ ደንገል ነው። የጣና ዳር ደንገል፣ ቤይሩት አጠገብ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ። እሱም እንደኔ ሰው ቤት የገባ መሰለኝና አንጀቴን በላው፤ ለማንም ሳልናገር ውሃ አጠጣው ጀመር።

ባለፈው ሰሞን ማዳሜ የደረቁትን ቁረጪ ብላኝ መቀስ ይዤ ወጣሁና፣ ደረቁን ስስብ አንድ እርጥቡን አብሬ ቆረጥኩት። ሽታው ወጣ፤ የጭቃና የለጋ ሣር ሽታ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ጣፈጥ የሚል። እጄ እኔን ሳያማክር የሥሩን ነጭ ልጦ ወደ አፌ ከተተው። እያላመጥኩ ቀና ስል ማዳሜ መስኮቱ ላይ ቆማለች። «ሐዋ፣ ሹ ዓም ታክሊ? ሃይዳ ዚኔ!» አለችኝ፤ ምን እየበላሽ ነው፣ ይሄ እኮ ጌጥ ነው ማለቷ ነው። እኔም በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ፣ ይሄ እኛ አገር የልጆች ሸንኮራ ነው፣ አጥር ነው፣ ቅርጫት ነው፣ ጀልባም ነው አልኳት። እሷ ውሃ ሲባል የምታውቀው በረንዳዋ ላይ ሆና ቁልቁል የምታየውን ባሕር ብቻ ስለሆነ፣ የእኛ ውሃ ተራራ ላይ ነው ስላት ዞር ብላ ከሕንጻው ጀርባ ያለውን ዳገት አየችና፣ ታዲያ በቦቴ የሚያመላልስላችሁ ማን ነው ብላ ሳቀች። በየሳምንቱ ጣሪያዋ ላይ ላለው ታንከር ውሃ በቦቴ የምትገዛ ሴት ብትጠይቅ አይፈረድባትም።

እሷ እየሳቀች ወደ ውስጥ ገባች፤ እኔ ግን መቀሱን እንደያዝኩ እዚያው ቀረሁ። በአፌ ያለው ጣዕም ያመጣብኝ ሐይቁን ብቻ አልነበረም። አንዲት ሴትንም አመጣብኝ፤ በሕይወቴ የምወደውን ነገር ሁሉ ከመጀመሩ በፊት ከመቅረት ያዳነችልኝን፣ እኔ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ ያላልኳትን ሴት።

እኛ ነገደ ወይጦዎች ነን፤ ውሃው ዳር ተወልደን ውሃው ዳር የምናረጅ። ጣና ከባሕር በጣም ከፍ ብሎ ደጋው ላይ የተቀመጠ ሐይቅ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ጉሙ ውሃው ላይ ተኝቶ ደሴቶቹ ከአንገታቸው በላይ ብቻ ይታያሉ፣ ሳቢሳዎች ረግረጉ ውስጥ እየተራመዱ በረጅም ምንቃራቸው ጭቃውን ይወጋሉ፣ ይብራዎች ይጨቃጨቃሉ፣ ከደንገሉ ውስጥ ደግሞ አንድ ጉማሬ የቀዘቀዘ መኪና እንደሚያስነሳ ሹፌር ደጋግሞ ያጓራል። ጠዋት ውሃው ዘይት እንደፈሰሰበት ለጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋስ ይነሳል፤ ያ ጠዋት ፊታችንን ያየንበት ውሃ እየተንቀሳቀሰ፣ እየነጣ፣ ሰው የማያውቅ ይሆናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ ልጅ ከመራመዱ በፊት የሚማረው ከሰዓት በኋላን መፍራት ነው።

ጎረቤቶቻችን ገበሬዎች ናቸው። ዓሣችንን ይገዛሉ፣ እኛ በጠረብነው የወፍጮ ድንጋይ ይፈጫሉ፣ በሠራነው ቅርጫት ጥጣቸውን ያስቀምጣሉ፤ በሰሃናችን ግን አይበሉም። መንገድ ላይ ውሃ ብንጠይቃቸው አይከለክሉም፤ ግን ዕቃቸውን አይሰጡንም፣ ከፍ አድርገው በመዳፋችን ላይ ያፈሱልናል፣ እኛም ሳይነገረን እጃችንን እንዘረጋለን። ምክንያቱ አያቶቻችን ጉማሬ ይበሉ ስለነበር ነው ይባላል። እኔ ጉማሬ በልቼ አላውቅም፤ አንድ ጉማሬ ግን ሊረግጠኝ ምንም አልቀረውም ነበር፤ እንግዲህ ከጉማሬ ጋር ከተጣላን ሁለታችንም ቂም አለን ማለት ነው።

አባቴ ሰይድ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ታንኳ ሲያስር አጠገቡ መቀመጥ ከምንም በላይ ደስ ይለኝ ነበር። የቆረጠውን ደንገል ለቀናት ፀሐይ ላይ አሰጥቶ፣ እየደራረበ፣ በልጥ ጥርቅም አድርጎ እያሰረ፣ በጉልበቱ እየተጫነ፣ የታንኳዋን ፊት ወደ ላይ ቀና አድርጎ ሲጨርሳት፣ ያ ትናንት ሣር የነበረ ነገር ሁለት ሰው ተሸክሞ ይሄዳል። ታንኳ ግን አንድ ጠባይ አላት፤ ውሃ ትጠጣለች። ግማሽ ቀን ውሃ ላይ ከዋለች ትከብዳለች፣ ቀኑን ሙሉ ከዋለች ወገቧ ይሰምጣል፣ ካደረች ትበሰብሳለች። ስለዚህ የወረደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ታንኳውን ከውሃ ጎትቶ አውጥቶ፣ ዛፍ ወይም አጥር አስደግፎ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥቶ ማቆም ነው። የእኛን መንደር ከሩቅ ያየ ሰው፣ ታንኳዎቹ ተሰልፈው ፀሐይ የሚሞቁ ሽማግሌዎች ይመስሉት ነበር። አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ አንድ ቀን ቸኩሎ ሳያደርቃት በተሳፈረባት ታንኳ ነው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ላይ የቀረው።

ትምህርት ቤቱ ሐይቁ ወደ መሬት ከገባበት ባሕረ ሰላጤ ማዶ ነበር። በእግር ረግረጉን ዞሮ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በታንኳ ግን ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ከመንደራችን ማንም ልጅ እዚያ ሄዶ አያውቅም። እኔ ዓሣ ከአባቴ ጋር ልሸጥ ማዶ በሄድኩ ጊዜ በመስኮት ሰሌዳውን አይቼ ልክፍት እንደያዘው ሰው ሆንኩ፤ ዓሣ የጠቀለልንበትን ጋዜጣ ሳይቀር እየዘቀዘቅሁ አያለሁ፣ አመድ ላይ እጽፋለሁ፣ ምን እንደጻፍኩ ግን አላውቅም። ትምህርት ቤት ላኩኝ ብዬ ዓመት ሙሉ አለቀስኩ። እናቴ ሴት ልጅ ለብቻዋ ውሃ ላይ አትሄድም ብላ ድርቅ አለች፤ አባቴ ግን እኔ አሥር ዓመት ሲሆነኝ ምንም ሳይናገር አንዲት ትንሽ ታንኳ አሰረልኝ። መንደሩ ሁሉ እየመጣ የአሻንጉሊት ታንኳ እያለ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ውሃ ዳር አቁሞኝ አንድ ቃል ብቻ ተናገረ፦ «ታንኳሽን ውሃ ውስጥ ጥለሽ የሄድሽ ቀን ትምህርቱ ያኔ ያበቃል።» ከዚያ ማውጣት እችል እንደሆነ ሊያይ ሞክሪ አለኝ። በእኛ በኩል ዳርቻው ድንጋይና ዝርግ ስለነበር፣ እያረፍኩም ቢሆን አወጣኋት። ማዶ ያለው ዳርቻ ጭቃና ገደል መሆኑን እሱም አላሰበው፣ እኔም ባስበው አልናገርም ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ማዶ ደርሼ ጎተትኩ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ ዋጠኝ፤ ታንኳዋ ግን ነቅነቅ አላለችም። በልመና ጎተትኩ፣ በእርግማን ጎተትኩ፣ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከላይ ትምህርት ቤቱ ግቢ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ሲቀጠቅጡት፣ ደወሉ ነው፣ ያለኝ ምርጫ ሁለት ሆነ፤ ትምህርቱን ወይም ታንኳዋን። ደንገል ላይ አስሬያት ሮጥኩ። ያን ዕለት መምህሩ ስለ «ሀ» እና ስለ «ለ» ያሉትን አንድም አልሰማሁም፤ ጆሮዬ ላይ የሚሰማኝ ታንኳዬ ውሃ ስትጠጣ ነበር።

ስመለስ ታንኳዬ ውሃ ውስጥ የለችም። ዳገቱ ላይ፣ ከአንድ ግቢ አጥር አጠገብ፣ ዋርካውን ተደግፋ፣ ሆዷን ለፀሐይ ሰጥታ ቆማለች። ነካኋት፤ ደርቃለች። ዞር ብዬ ባይ ማንም የለም። የደረቀች ታንኳ ቀላል ስለሆነች ቁልቁል አንሸራትቼ ወረድኩና ነፋሱ ሳይበረታ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱም ያው ሆነ። በሦስተኛውም። አሥር ዓመት የሞላው ልጅ ለሁሉ ነገር መልስ አያጣምና፣ ይህን የሚያደርገው አሮጊቶቻችን ሲያወሩለት የሰማሁት የሐይቁ መንፈስ ነው ብዬ ደመደምኩ። መንፈስ ደግሞ ውለታ ይፈልጋል። ስለዚህ ከምሳዬ ላይ ቆሎ እየቀነስኩ ዋርካው ሥር ማስቀመጥ ጀመርኩ፤ ስመለስ አንዲት ፍሬ አትገኝም ነበር። ስለቱ መያዙን ያየ ሰው እንዴት ደስ እንደሚለው! የዚያ ግቢ ዶሮዎች በዚያ ዓመት ለምን እንደዚያ እንደወፈሩ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ቤት ደግሞ ዋሸሁ። አባቴ ማታ ማታ፣ አወጣሻት? ሲለኝ፣ አወጣኋት እላለሁ። እናቴ ክንዴን ይዛ እየጨበጠች ልጄ ጉልበት አወጣች ትላለች፤ እኔም ጡንቻዬን አሳብጬ አሳያታለሁ።

ግቢው የአንዲት ክርስቲያን ገበሬ ሴት ነበር፤ ትርንጎ ትባላለች፣ ባሏ የሞተባት። እትዬ ትርንጎን በጣም እፈራት ነበር። ሁልጊዜ በሯ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች፤ ስታየኝ ፊቷ አይፈታም፣ ሰላም ብላት አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ወደ እንዝርቷ ትመለሳለች። ከእኛ መንደር ሰው ጋር ጉዳይ የሌላት፣ ኮስታራ ሴት ናት ብዬ ዋርካው ጋ ስደርስ እየሮጥኩ ነበር የማልፈው።

አንድ ቀን፣ ዝናቡ ካበቃ በኋላ ባለው ሰሞን፣ ከትምህርት ስመለስ ዋርካው ባዶ ሆነ። ታንኳዬ ጠዋት ያሰርኳት ቦታ ላይ አንገቷ ድረስ ሰምጣ ተኝታለች። መንፈሱ ቆሎዬ አንሶት የተቀየመኝ መሰለኝ። ማዶ ማደር እችል ነበር፤ ግን ካደርኩ አባቴ ያውቃል፣ ካወቀ ትምህርቱ አበቃ። ተሳፈርኩ። መሐል ስደርስ ነፋሱ ተነሳ። ደንገል እንደ ድንጋይ አይሰምጥም፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል፣ ሰው ተቀምጦበት እያለ ከሥሩ ይሄዳል። መጀመሪያ ውሃው ወገቤ ላይ ደረሰ፣ ቀጥሎ ደረቴ ላይ፣ እኔ ደግሞ መቅዘፊያውን ጥዬ በሁለት እጄ ደብተሬን ከራሴ በላይ ይዤ፣ ከሩቅ ላየኝ ሰው ሐይቁ መሐል ቁጭ ብዬ የማስተምር ሳልመስል አልቀረሁም። አባቴ ከዳር ሆኖ ያየው ያን ደብተር ነው። እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ብቻ በብብቴ ይዞ አወጣኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ስሜን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ሊያሰርዝ ይዞኝ ተሻገረ። አልተቆጣም፣ አልመታኝም፤ ዓይኑን ከማዶው ሳይነቅል ይቀዝፋል። ዳር ደርሰን የራሱን ታንኳ አውጥቶ ሲያቆም፣ እትዬ ትርንጎ ጋቢ ተከናንባ፣ አጥሩን እየያዘች ቁልቁል መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ልጅቱ ደረሰች?» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ።

አባቴ አልገባውም። የቷ ልጅ ብሎ ጠየቃት።

«ይህቺው ናታ። ትናንት ወባ ጣለኝና ታንኳዋን ሳላወጣላት ቀረሁ። ቀኑን ሙሉ ሐሳቤ እዚያው ነበር።» ከዚያ ከአባቴ ኋላ ቆሜ አየችኝና ትንፋሿን ለቀቀች።

አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ የእግሬን ጣቶች እየቆጠርኩ ነበር። ታንኳዋን ከመቼ ጀምሮ እንደምታወጣት በትሕትና ጠየቃት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለችው፤ ይህቺ አጥንት እንዴት አድርጋ ታውጣት ብላ ጨመረች። አባቴ ውሃ ለመናት፤ ቅል ይዛ ስትመጣ እሱ እንደ ልማዳችን ጎንበስ ብሎ መዳፉን ዘረጋ። እሷ ግን አላፈሰሰችም።

«በቅሉ ጠጣ» አለችው።

ጠጣ። ሲጨርስ ቅሉን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶት በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ፤ እሷ ናት እጇን ሰዳ የተቀበለችው። ያኔ ነው አባቴ ልጁን ከትምህርት ሊያስቀር እንደመጣ የነገራት። እትዬ ትርንጎ ትኩሳቷ እያንቀጠቀጣት አጥሩን ተደገፈችና፣ «እኔ ብታመም ሌላ የሚያወጣ ሰው አላጣም። አንተ ልጅህን ላካት» አለችው።

አባቴ መምህሩ ጋ ሳይሄድ ተመለሰ። እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ደወሉ ሮጥኩ። ለብዙ ቀን ግን በዚያ ሳልፍ ዓይኔ የሚፈልገው ያን ቅል ነበር። የእኛ ሰው የጠጣበት ዕቃ እንደሚጣል አውቃለሁና ቆሻሻ መጣያው ላይ ተሰብሮ አየዋለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ቅሉ በሯ ጎን፣ ድሮ የነበረበት ችንካር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። እሷም ጠዋት ጠዋት ስትጠጣበት አየሁ። ጎረቤቶቿ ስለዚያ ቅል ምን እንዳሏት፣ ስንት ቀን ቡና ሳይጠሯት እንደቀሩ የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ እሷ ለእኛ ተናግራ አታውቅም።

አራት ዓመት እንዲህ ተመላለስኩ። ታንኳዋ ስታረጅ አባቴ ሌላ ያስርልኛል፤ እትዬ ትርንጎ ደግሞ አዲሷንም ታወጣታለች። ከዚያ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ሆኜ እስከ ስምንተኛ ተማርኩ። ስምንተኛን ስጨርስ አባቴ ታመመ፣ ደንገሉ ያለበት ረግረግም እየታረሰ ሄደ፤ እኔም ጥቂት ቆይቼ ወደ ቤይሩት መጣሁ።

እዚህ ያ ፊደል ምን እንዳደረገልኝ ዘርዝሬ አልጨርስም። የመጣሁ ሰሞን ሳታነቢ ፈርሚ የተባልኩትን በአማርኛም የተጻፈ ወረቀት አንብቤ እምቢ ያልኩ እኔ ነኝ። እሑድ እሑድ ዛልቃ በሚባለው ሰፈር በኪራይ በያዝናት አንዲት ክፍል ስንሰበሰብ፣ የሴቶቹን መልእክት የማነብላቸው፣ መልሱን የምጽፍላቸው እኔ ነኝ። ከጎጃም የመጡ አሉ፣ ከወሎ የመጡ አሉ፤ ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው። ለማዳሞቻችን ሁላችንም ያው ሐበሺዬ ስለሆንን ማን በማን ሰሃን እንደማይበላ የሚያስታውስ ጠፍቷል፤ እንደኔ ከሆነ ከዚህ አገር ካገኘኋቸው ጥቂት ደስታዎች አንዱ ይሄ ነው። የእኔን ነገድ የነገርኳት አንዲት የጎጃም ልጅ ብቻ ናት። እሷም፣ «ኸላስ፣ በቃ ሐዋዬ፣ አሁን የእናቴን መልእክት አንብቢልኝ» ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለዕረፍት አገሬ ገብቼ ወደ እትዬ ትርንጎ ተሻግሬ ሄድኩ። በፋይበር ጀልባ፣ በሞተር፤ ታንኳ የሚያስር ሰው ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀርቷል፣ ደንገሉ የነበረበት ዳርቻ ግማሹ ማሳ፣ ግማሹ እምቦጭ ሆኗል፣ ሰዎቻችንም ከዳር ወደ ላይ ተገፍተው ውሃውን ከሩቅ ያዩታል። እትዬ ትርንጎ በሕይወት አለች፤ ዓይኗ ደክሟል፣ እንዝርቱን ግን አልጣለችም። ብርድ ልብስ፣ ሻሽና ሳሙና አስቀመጥኩላት። ከቤይሩት ጀምሮ ስደግመው የመጣሁትን ምስጋና ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ፤ እስከ ስንት ደረስሽ አለችኝ። ስምንት አልኳት። እንዝርቷን አቆመች።

«እኔ አሥራ ሁለት መስሎኝ ነበር» አለች።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምስጋናዬን ሳልናገረው ቀረሁ። ሌላ ነገር ለማለት ያህል፣ ለምን ነበር ግን ያን ሁሉ ቀን ታንኳዬን ያወጣሽው ብዬ ጠየቅኳት። ታንኳ ውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ማየት እንደማትወድ ነገረችኝ፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም። ስለ ዶሮዎቿ አወራን፣ ስለ ወባ አወራን፣ ነፋሱ ሳይነሳ ልሂድ ብዬ ተነሳሁ። ሌላ ጊዜ እነግራታለሁ አልኩ። ሰው እንዴት ሌላ ጊዜ እንዳለው እርግጠኛ እንደሚሆን አላውቅም።

ዘንድሮ ከረመዳን ጾም በፊት ወንድሜ ደውሎ ማረፏን ነገረኝ። ሰሃን እያጠብኩ ነበር፤ ውሃውን ዘግቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ስነሳ፣ ፊቴን ከመታጠቤ በፊት፣ ስሟን ጠርቼ አንድ ጊዜ አመሰግናታለሁ። ለአንዱ ቀን አንድ ምስጋና፤ ጭቃው ውስጥ ገብታ፣ ያን እርጥብ ታንኳ ጎትታ፣ ዋርካው ላይ ላቆመችበት ለእያንዳንዱ የትምህርት ቀን። አንዳንድ ቀን ሁለት ልበል እላለሁ፣ ቶሎ ለመጨረስ፤ ግን እሷ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ አላወጣችም፣ ቸኩላም አታውቅም። አራት ዓመት ነው የተሻገርኩት፤ በምስጋናው ግን እኔ እስካሁን ገና አንደኛ ክፍል ነኝ።